የተቀቀለ እንጆሪ

የሰደበችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። ቀኑ እሑድ ነበር፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን በደንብ የማውቀው ከራሷ በላይ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት ላይ ዓይኔን ተክዬ ስለነበር ነው። ሰው ሲሰድበኝ ፊቱን ማየት አልችልም፣ አጠገቡ ያለውን ዕቃ ነው የማየው። የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ “አንተን ከማስተማር ሰሌዳውን ማስተማር ይቀላል” ሲለኝ የመስኮቱን ማጠፊያ እያየሁ ነበር፤ ዝገቱ በየት በኩል እንደነበረ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠው ሻይ በሚጠጡበት፣ እጇን በፎጣ እያደረቀች፣ “ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እንጆሪ ሲለቅሙ ኖሩ እንጂ እንጆሪን አልተማሩም” አለችኝ። እርስዎ እያለች ነው የሰደበችኝ። አንተ ብላኝ ቢሆን ተናዳ ነው ብዬ እተወው ነበር። ወንድሜ በአፍንጫው ሳቀ። ጎረቤቶቹ ሻያቸው ውስጥ የገባ ነገር ያለ ይመስል ብርጭቋቸውን አዩ።

እኔ የተናገርኩት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ “እንጆሪ አይቀቀልም” ነው ያልኩት። ለአባቴ ብዬ ያመጣሁትን እንጆሪ አረንጓዴ ቆቡን ነቃቅላ፣ ድስት ውስጥ ጨምራ ሃያ ደቂቃ አንተከተከችው። ከዚያ በወንፊት አጥልላ ቀዩን ውሃ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ከወንድሜ ጋር የሚኖረው አባቴ የስኳር በሽታ አለበት፤ እሷ ደግሞ ስኳሩ በውሃው ይወጣል ባይ ናት። መድኃኒት ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ሠርታለች፤ በዚያ ቤት ይሄ ከሐኪም ይቆጠራል። የቀረውን አመድማ አተላ በሳህን አድርጋ አባቴ ፊት አስቀመጠችው። አንድ ማንኪያ ቀመሰና “ይሄ ነገር በምንድን ነው የሞተው?” አለ። ከእኔ በቀር የሳቀ አልነበረም፤ ስድቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ ስድብ ብቻ ቢሆን እንደ ሌሎቹ አስቀምጠው ነበር። አባቴ ግን እየቀለለ ሄዷል። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ስምንት ወሩ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራፍሬ የሚባል ነገር አፉ አልገባም። ድዱ አብጦ ወይን ጠጅ መስሏል፣ ብስኩት ሲነክስ ብስኩቱ ላይ ደም ይቀራል። እግሩ ማንም ሳይነካው ይበልዛል፣ በር የመታው የቅልጥሙ ቁስል ሁለት ወር ሙሉ አልገጠመም። ጥርሶቹም ተነቃነቁ። ወንድሜ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ሁሉንም ማስነቀል ነው። ጓደኛው የጥርስ ሐኪም ስለሆነ ለሰኞ ቀጠሮ አስይዞለታል። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ ነው እኛን ያሳደገን። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ስነሳ ሰኞ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ እንደማይቀመጥ ወስኜ ነው የተነሳሁት። እንዴት አድርጌ እንደማስቀረው ግን አላውቅም ነበር።

ሥራዬ እንጆሪ መልቀም ነው፣ ማሳ ላይ ሳይሆን ማሸጊያ ክፍል ውስጥ። አንደኛ ደረጃ በቀኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ በግራ፣ ለጭማቂ የሚሆነው ከጠረጴዛው ሥር ባለው ባልዲ። ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ በበጋም ሹራብ እንለብሳለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ያወቅሁትን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከቆቡ ሥር ያለው ትከሻው ነጣ ብሎ የተቀጠፈ እንጆሪ ቢያስቀምጡት አይበስልም፣ መቅላት ቢቀላም አይጣፍጥም። ሊበሉት እስኪሉ ድረስ ውሃ አይነካውም፣ ከነካው በማግስቱ ይሻግታል። ቆቡም ከመታጠቡ በፊት አይነቀልም፣ ውሃ ይጠጣልና። ከሚዛኑ በላይ ደግሞ ለገዢዎች ተብሎ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት አለ፤ “የእንጆሪ የምግብ ይዘት” ይላል። እውነቱን ለመናገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥሩ ቆሜ እስከ መጨረሻው አንብቤው አላውቅም። እዚህ ላይ የወንድሜ ሚስት ትንሽ እውነት አላት። ትንሽ ብቻ።

በሻይ ሰዓት እርሳስ ተውሼ የሚዛን ቲኬት ጀርባ ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። መቶ ግራም እንጆሪ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ካሎሪ፣ ስኳር አምስት ግራም፣ አሰር ሁለት ግራም፣ ቫይታሚን ሲ ወደ ስልሳ ሚሊግራም። ከዚያ ፎሌት፣ ፖታሲየም፣ ማንጋኒዝ። ከሥሩ በትንንሹ ቫይታሚን ሲ ለድድ ጤና፣ ለቁስል መዳንና ሰውነት ብረትን ከምግብ እንዲወስድ ይረዳል ይላል። ለድድ የሚለው ላይ ስደርስ እርሳሱን አቆምኩ። ለቁስል የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የፈረቃ አለቃችን ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። የሱፍ ኮፍያውን ለመተኛትም የሚያወልቀው አይመስለኝም።

“ምነው፣ ፈተና ደረሰ እንዴ?” አለኝ።

“አዎ።”

“ስንተኛ ክፍል ገባህ?”

“ሰባተኛን ልጨርስ ነው።”

እሱም ሳቀ፣ ሴቶቹም ሳቁ። ይሄ ሳቅ አይቆጠርም፣ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ለመውጣት ስዘጋጅ ሁለት ፓኬት አንደኛ ደረጃ እንዲሸጥልኝ ጠየቅሁት። ሠራተኛ የሚወስደው ሁለተኛውን ነው፣ እሱም በነጻ ነው። ወደ ግራው ሣጥን እያመለከተ “ከዚያ ዝገንና ሂድ” አለኝ። አንደኛ ደረጃ፣ በደረሰኝ፣ አልኩት። “እንዴ! በዚህ ዕድሜህ ልታገባ ነው?” አለ። ለአባቴ ነው ስለው ቀልዱን ተወው፤ ጓንቱን አጥልቆ እሱ ራሱ እየመረጠ፣ እስከ ትከሻቸው የቀሉትን ብቻ ሁለት ፓኬት ሞላልኝ። ደረሰኙን የፈለግሁት ያን ቤት ስለማውቀው ነው። የተጣለ ነው፣ የወደቀ ነው፣ ሲሉኝ የማሳየው ወረቀት ይኑረኝ ብዬ ነው።

ወንድሜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳለትም፣ ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል። የአባቴ ክፍል ከኩሽናው ጎን ያለው ነው፣ ድሮ መጥረጊያና ባዶ ጠርሙስ ይቀመጥበት የነበረው፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ስገባ ወንድሜ ኳስ እያየ ነበር፣ ሚስቱ የሥራ ልብሷን ትተኩሳለች። እንጆሪውን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጥኩና አባባን ሐኪም ጋ ልወስደው ነው አልኩ።

“ሰኞ ቀጠሮ አላቸው እኮ ጋሼ” አለች፣ ካውያውን ሳታነሳ።

“ያ ለጥርስ ነው። ድዱን ማንም አላየለትም።”

“ድድና ጥርስ ምን ለያየው?” አለ ወንድሜ፣ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው። “ጋሼ፣ በናትህ ነገር አታብዛ። ሐኪሙ በስንት ልመና ነው ቀጠሮ የያዘልኝ።”

ከዚያ ማንም አልተናገረም። በእኛ ቤት ዝምታ ማለት አይሆንም ማለት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ነገር እንዲህ ተከልክያለሁ፤ ሁልጊዜም ኮፍያዬን አንስቼ የምወጣው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን አልወጣሁም። ቴሌቪዥኑና ሶፋው መካከል ሄጄ ቆምኩ። ወንድሜ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ እኔም ወደ ቀኝ ሄድኩ። ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ። እንደዚያ ስንሆን የአባቴ ድምፅ ከውስጥ መጣ፦ “ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ መስሎኝ! ኮቴን አምጣልኝ።”

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዞ በየእርከኑ ያርፋል። ክብደቱ ክንዴ ላይ አይሰማኝም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ ወደ ላይ አየና “የእኔን ጥርስ ከሚነቅሉ የእሷን ምላስ ቢነቅሉት ሁላችንም በዳንን” አለኝ። ሲስቅ አፉን በመሐረብ ይሸፍናል። መሐረቡ ላይ ደም አየሁ፤ ያየሁ አልመሰልኩም።

ክሊኒኩ ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚሠራው። አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጉንፋን ይዟታል፣ በየመካከሉ ይቅርታ እያለች ታስነጥሳለች። አፉን አስከፈተችው፣ ድዱን በጓንቷ ጫን አደረገችው። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስባ እግሩን ወደ መብራቱ አዞረችው፤ በፀጉሮቹ ሥር እንደ መርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀያይ ነጥቦች አሉ። እኔ ቁንጫ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችው።

“አባባ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?”

አባቴ በጣቱ ቆጠረ። “ጠዋት ሻይና ብስኩት። ምሳ ሩዝ። ማታ፣ ከምሳው የተረፈው ሩዝ።”

“ፍራፍሬስ?”

“ስኳር አለው ተብሎ ቀረ።”

“አትክልት?”

“ሆድ ይነፋል ተብሎ ቀረ።”

“ማነው ያለው?”

አባቴ እኔን አየኝ። የቤታችንን ጉድ ለባዕድ ልዘረግፍ አልመጣሁም፤ “እቤት የተስማማንበት ነው” አልኩ። አንድ ቀን እንጆሪ አምጥተን ነበር፣ ስኳሩ እንዲወጣ ተብሎ ተቀቀለና ውሃው ተደፋ አልኳት፤ ማን ቀቀለው ማን ደፋው አላልኩም። ሐኪሟ ትንሽ አፈጠጠችብኝ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። “ውይ ይቅርታ! ቫይታሚኑን እኮ ለቧንቧው ነው ያጠጣችሁት” አለች። ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ከአሥር፤ የማየው የነበረው የሕፃናት ሚዛን ነው። በሌላ ሰው ድስት እኔ ተሳቀብኝ። ግን ዋጥኩት፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀጥላ የተናገረችውን ለመስማት ነው የመጣሁት።

የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው የሚመስለኝ አለች። ደሙ ይመረመራል፣ ግን ድዱም፣ ብልዘቱም፣ ያልዳነው ቁስልም ወደዚያ ነው የሚያመለክተው። እንዲህ የተጎዳ ድድ ላይ ደግሞ ጥርስ አይነቀልም፤ ቢነቀል ደሙ ላይቆም ይችላል፣ ቁስሉም አይገጥምም። አስቀድሞ ሰውየው ይብላ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ቲኬት አወጣሁና የገለበጥኩትን አነበብኩላት። እያንዳንዱን ሰማችኝ፤ ከየት አመጡት አላለችኝም፤ “ጎበዝ፣ ጥሩ ይዘውታል” ብቻ አለችኝ። ስምንት መካከለኛ እንጆሪ ለአንድ ቀን ከሚያስፈልገው ቫይታሚን ሲ አብዛኛውን ይሰጣል፤ ስኳሩ ጥቂት ነው፣ አሰሩ ደግሞ ስኳሩ ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ ያዘገየዋል። “የደም ስኳራቸውን የሚሰቅለው ነጩ ሩዝ ነው” አለች። ቀጥላም ጣቷን አነሳችብኝ፦ “ግን እንጆሪ መድኃኒት አይደለም። የስኳር ክኒናቸውን እንዳያቋርጡ። ይሄንንም የቫይታሚን ክኒን ይጨምሩ። እንጆሪ ሲጠፋ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ያገኙትን።”

“ይሄንኑ ጽፈው ይስጡኝ” አልኳት። “ማኅተም ይኑረው።”

“ፍራፍሬ ለመብላት ማኅተም አያስፈልግም።”

“እኛ ቤት ያስፈልጋል።”

አባቴ “ሁለት ጊዜ ምቺው ልጄ” አላት። እውነትም ሁለት ጊዜ መታችው።

ስንመለስ ኳሱ አልቋል። በመንገድ ላይ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደምወረውረው ሳስብ ነበር የመጣሁት፤ ስደርስ ግን እንደ ማንኛውም ሰው አቀበልኩት። ወንድሜ አንብቦ ለሚስቱ ሰጣት። እሷ አንብባ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ምንም የለበትም። “ሐኪሟ ልጅ ናት አይደል?” አለች። ማኅተም አለው አልኩና ወደ ኩሽና ገባሁ። እንጆሪውን ከእነ ቆቡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ አንድ ባንድ አጠብኩት። ከኋላዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። “ስኳራቸው ከፍ ቢልስ ኃላፊው ማነው?” አለች። እኔ ነኝ አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄም ደህና ነበር። “እንለካዋ” አልኩ፣ “ከመብላቱ በፊት፣ ከዚያም ከሁለት ሰዓት በኋላ።”

ለካች፤ መቶ አርባ ሁለት። ከተለመደው ሩዝ ግማሹን ብቻ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ስምንት እንጆሪ አቀረብኩለት። ሩዙንና እንቁላሉን በልቶ ወደ እንጆሪው ሲመጣ ቶሎ አልነከሰውም። የመጀመሪያውን አፉ ውስጥ አድርጎ በምላሱና በላንቃው መካከል ጨፈለቀው፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጎምዘዝ ያለው ድዱን ሳይቆጠቁጠው አልቀረም፣ ፊቱ ተጨማደደ። ቢተፋው ሁሉም ነገር አበቃ። ዋጠውና ለሁለተኛው እጁን ሰደደ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ጭማቂው በአገጩ ላይ ወርዶ ነበር፣ አልጠረገውም።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ። ወንድሜ ድምፁን ያጠፋውን ቴሌቪዥን ያያል። ሚስቱ አንድ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ተኮሰች። አባቴ ሶፋው ላይ፣ ከንፈሩ እንደቀላ፣ እንቅልፍ ይዞታል፤ በተነፈሰ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ስለ አየሩ አንድ ጊዜ ተነሳ፣ ስለ ውሃ መቆራረጥ አንድ ጊዜ ተነሳ፣ ሁለቱም ሳይቀጥሉ ቀሩ። ወንድሜ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ልጆች ሳለን በአንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ አላስተኛኝ ይል ነበር። ኮቴን ጭኔ ላይ አድርጌ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ንግግሩ ከእሑዱ ይጀምራል፣ ወደ ኋላ እየሄደ የእነሱን ሠርግ፣ ከሠርጉ ፎቶ ውጪ የተደረግሁበትን ሰዓት ሳይቀር ይይዛል። ጥሩ ንግግር ነበር፣ አስተማሪዬ እንኳ ቢሰማው የማያርመው።

ሰዓቱ ሲደርስ ለካች። የስኳር መለኪያ መሣሪያውን ለማንም ሳታሳይ ትንሽ ያዘችው። ከዚያ የምትመዘግብበትን ደብተር ከመሳቢያው አወጣች፤ ሥራዋን የምትንቅ ሴት አይደለችም፣ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልዘለለችም። ገጹን በጣቷ ወረደችው፦ ከምሳ በኋላ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ፣ ሁለት መቶ አርባ አራት። ሁሉም የሩዝ ቀን ነው። “መቶ ሰባ አንድ” አለች፣ ቀስ ብላ። ወንድሜ ተነስቶ ደብተሩን አየ፣ መሣሪያውን አየ፣ ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ።

“አዎ፣ የሰኞውን እንተወው” ሲል ሰማሁት። “የለም የለም፣ ጥርሱ አይደለም፣ የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። እኔማ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር። ባለቤቴም እንደምታውቀው የሕክምና ሰው ናት… እንጆሪ ጀምረንለታል፣ ትኩሱን፣ አይቀቀልም እሱ…”

አባቴ ነቅቷል። ሁለተኛውን ፓኬት ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ወንድሜ ስልኩን በትከሻው ይዞ እያወራ ጎንበስ ብሎ አንድ እንጆሪ ሊያነሳ ሲል አባቴ የእጁን ጀርባ ጠፍ አደረገው። “ያንተ ጥርስ አይነቃነቅም” አለው።

እኔ ለመቆም ስዘጋጅ የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ ዞረች። በክፋት አልነበረም፣ እሱን ልመስክርላት፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፣ እንዲያውም ቅር ብሏት።

“ግን ጋሼ፣” አለች፣ “ይሄን ሁሉ እያወቁ ለምን ቀደም ብለው አልነገሩንም?”

ንግግሬ አፌ ውስጥ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ፣ ከነቀኑ። በዚህ ጊዜ ሌላ ዕቃ አላየሁም፣ እሷኑ ነበር የማየው፤ ፊቷን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፣ ደክሟታል፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አባቴ ጉንጩ ሞልቶ ቀና አለ። ምን ልል እንደሆነ ገብቶታል።

“ነገ ትመጣለህ?” አለኝ።

“እመጣለሁ አባባ። ያ እስከ ነገ ይበቃሃል፣ ልትበላው እስክትል ውሃ አታስነካው።”

ኮቴን ለበስኩ። እሷ መልሴን እየጠበቀች በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አጠገቧ አልፌ ወጣሁ፣ በሩን በቀስታ ገጠም አደረግሁትና ደረጃውን ወረድኩ።